ቪ4 አልገባ ያለ ፒክአፕ፣ መካኒኩ ነገ ሊፈታው ነው! እርዱኝ

አውሮራው፦
ሰላም ለሁላችሁ። አስቸኳይ ነው። በቅርቡ ያገለገለ ፒክአፕ ገዛሁ፣ ስምንት ሲሊንደር። መንገዱ ሲቀለው አራቱን አጥፍቶ በቀሪው አራት የሚሄድ ዓይነት ነው። ሻጩ "ጋዝ አይበላም" ብሎኝ ነበር። የኔ ግን ዳሽቦርዱ ላይ ሁሌ ቪ8 ነው የሚለው፣ ቪ4፣ ማለትም በአራቱ ሲሄድ፣ አይቼ አላውቅም። በጋሎን 13 ማይል ነው የሚሄደው። መካኒክ ጋ ብወስደው ኮፈኑን እንኳ ሳይከፍት "ሊፍተሩ (ቫልቩን የሚያነሳው) ሞቷል፣ ሞተሩ ይፈታል" አለኝ። ቀጠሮው ነገ ጠዋት ነው። ልስጠው?

ሸገር_ልጅ፦
የስንት ሞዴል? ድምፅ አለው? ቼክ ኢንጂን በርቷል? እኛ ጠንቋይ ነን እንዴ?

አውሮራው፦
ይቅርታ፣ ቸኩዬ ነው። 2015፣ 5.3 ሊትር፣ ፎር ዊል። ድምፅ የለውም፣ መብራትም አልበራም።

ጋሽ_ቡሎን፦
ልጄ፣ ነገሩን ከሥሩ እወቀው። ሲሊንደር ማጥፋት የዛሬ ፈጠራ አይደለም። ካዲላክ በ1981 በስምንት፣ በስድስትና በአራት ሲሊንደር እየተቀያየረ የሚሠራ ሞተር አውጥቶ ነበር። የዚያን ጊዜ ኮምፒውተር አልቻለውም። ብዙ ባለቤቶች ሽቦውን አስነቅለው በስምንቱ ነዱት። ባንተ ሞተር ላይ ሥራውን የሚሠራው የዘይት ግፊት ነው። ኮምፒውተሩ ሲያዝ ዘይቱ ሊፍተሩ ውስጥ ያለችውን ፒን ይገፋል፣ ቫልቮቹ ሳይከፈቱ ይቀራሉ፣ ነዳጅም አይረጭም። የሚያርፉት 1፣ 4፣ 6 እና 7 ቁጥር ናቸው። እና ዘይቱ መጽሐፉ ከሚለው ከወፈረ ወይም ከቆሸሸ ችግር አለ። ያንተ ዜሮ ደብልዩ 20 የሚባለውን ቀጭን ዘይት ነው የሚፈልገው። ሻጩ ምን እንደሞላበት ታውቃለህ?

ማኪያቶ፦
ጎማ ንፋ።

ቦሌ_ዳላስ፦
ቆይ፣ ቪ4 ቢገባልህስ? ትርፉ ቢበዛ 7 በመቶ ገደማ ነው። 13ቱ 14 እንኳን አይሞላም። መንግሥት ለዚህ መኪና ያወጣው በጋሎን በከተማ 16፣ በሀይዌይ 22 ማይል ነው። የጎደለህ ሌላ ቦታ ነው። እስቲ አነዳድህን ንገረን።

አውሮራው፦
ከአውሮራ ወደ ኮሎራዶ ስፕሪንግስ ለሥራ እመላለሳለሁ። በሰዓት በ80 ማይል ነው የምነዳው፣ ሁሉም በዚያው ነው የሚሄደው። ጠዋት ብርድ ስለሆነ በሪሞት አስነሳውና ቁርሴን እስክበላ ይሞቃል።

ሸገር_ልጅ፦
በቃ ተገኘ። ቁርሱን የሚበላው መኪናው ነው።

እመቤት_ዴንቨር፦
ቀልዱን ተዉትና ልጁን እንርዳው። ቆሞ የሚሠራ መኪና እንደ ሞተሩ በሰዓት ከሩብ እስከ ግማሽ ጋሎን ይጨርሳል፣ ያውም ዜሮ ማይል እየሄደ። መንገድህ ላይ ያለውን ዳገት፣ ሞኑመንት ሂልን፣ ደግሞ በ80 ስትወጣ ቪ4 አትጠብቅ፣ ሽቅብ ስምንቱም ያስፈልጋሉ። ሜዳ ላይ በ60 ወይም በ65 እግርህን ቀለል አድርገህ ሞክረው።
ከዚያ የሙቀት ጌጁን እይ። መሃሉ፣ 210 ፋራናይት አካባቢ ካልደረሰ ቴርሞስታቱ (የሞተሩን ሙቀት የሚቆጣጠረው) ተከፍቶ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ያልሞቀ ሞተር ቪ4 አይገባም፣ ጋዝም ይበላል። ማርሹም ዲ ላይ ይሁን፣ ኤም (ማርሹን በእጅ መቀየሪያው) ላይ አድርገው ስምንቱን የሚያስጠብቁ አሉ።
የመጨረሻው፦ ከመሪው ሥር፣ ስካነር የሚሰካበት ቦታ ላይ የተሰካ ነገር አለ?

ማኪያቶ፦
ጎማ ንፋ አልኩ እኮ። ስትነፋ ደግሞ የሾፌሩ በር ላይ የተጻፈውን ቁጥር ተከተል፣ ጎማው ላይ ያለውን አይደለም።

አውሮራው፦
እመቤት፣ አሁን ወርጄ አየሁት። ትንሽ ጥቁር ነገር ተሰክቷል! የኢንሹራንስ መስሎኝ ነበር።

እመቤት_ዴንቨር፦
ኢንሹራንስህ የሚሰካ ነገር ሰጥቶሃል? ካልሰጠህ ሲሊንደር ማጥፋቱን የሚከለክለው እቃ ነው። ሊፍተሩን የሚፈሩ ሰዎች ናቸው የሚሰኩት። ሻጩ ረስቶት ይሆናል።

አንበሳ_4በ4፦
እንዳትነቅል! ሰውየው አውቆ ነው የሰካው። ሊፍተር ቢሰበርብህ ብዙ ሺህ ዶላር ነው። ለ7 በመቶ ጋዝ ብለህ ሞተር ታጣለህ።

ቦሌ_ዳላስ፦
አንበሳ እውነት አለው፣ በኋላ ይወስንበት። አሁን ግን ጥያቄው ነገ ሞተሩ ይፈታ አይፈታ ነው።

እመቤት_ዴንቨር፦
ልክ ነው። ለመፈተሽ ያህል ነቅሎ መንዳት ምንም አያደርግም። ቪ4 ከገባ ሊፍተሩ ይሠራል ማለት ነው፣ ቀጠሮውን ሰርዝ። ከፈለገ መልሶ ይሰካዋል። ካልገባም ወዲያው ሊፍተር አይባልም፣ በሶፍትዌር ያስጠፉትም አሉ። የሞተ ሊፍተር እኮ ቀጭ ቀጭ ይላል፣ ሞተሩ ይንቀጠቀጣል፣ ቼክ ኢንጂን ያበራል። ያንተ አንዱም የለውም።

አውሮራው፦
ነቀልኩት። ወጣ ብዬ ልሞክረውና እነግራችኋለሁ።

ሸገር_ልጅ፦
እሺ ምን ሆነ? ሳምንት አለፈ እኮ።

ማኪያቶ፦
ጎማ እየነፋ ነው።

እመቤት_ዴንቨር፦
ይህን ካነበብክ፣ መካኒክ ቀይር። ያ ሰው ስካነር ሰክቶ ቢሆን ኖሮ ጥቁሯን እቃ ያያት ነበር፣ የሚሰካበት ቦታ እኮ አንድ ነው።