64 ጊጋባይቱ ሚሞሪ ካርድ 256 ሜጋባይት ብቻ ሆኖ ይታየኛል

መምህሩ፣ መሐል ሜዳ፦
ጤና ይስጥልኝ። ለፋሲካ ሞላሌ እናቴ ዘንድ እሄዳለሁ። ዕድሜዋ ገፍቷል፤ የበግ ጠጉር እንዴት እንደሚነደፍ፣ ለባና የሚሆነው ፈትል ምን ያህል እንደሚከር እንደ እርሷ የሚያስረዳኝ ሰው የለም። በቪዲዮ ልቀርጻት ካሜራ ተውሻለሁ፣ ካርድ ግን የለውም። በእጄ ያለው የትምህርት ቤታችን ራስፕቤሪ ፓይ (ከካርድ ላይ የሚነሣ ትንሽ ኮምፒውተር) ይሠራበት የነበረ 64 ጊጋባይት ማይክሮ ኤስዲ ነው፤ ለመሣሪያው ሌላ ካርድ ስለተገዛለት ይህኛው ተርፏል። ዊንዶውስ ላይ ስሰካው 256 ሜጋባይት ብቻ ያሳያል። ፎርማት አደረግሁት፤ ያው 256 ነው። ካርዱ ተበላሽቶ ይሆን?

ጠጋኙ፣ ደብረ ብርሃን፦
መምህር፣ ካርዱ ደኅና ነው። ለራስፕቤሪ ፓይ ሲዘጋጅ ለሁለት ተከፍሏል፦ ማስነሻው ያለበት ትንሽ ክፍልፋይና ሊኑክስ የሰፈረበት ትልቅ ክፍልፋይ። ዊንዶውስ የሚያነበው ትንሹን ብቻ ስለሆነ ፎርማት ያደረጉትም እርሱን ነው። መፍትሔው ክፍልፋዮቹን በሙሉ አፍርሶ እንደገና መሥራት ነው።

ሲኤምዲን (የዊንዶውስ የትእዛዝ መጻፊያ መስኮት) በአስተዳዳሪ ፈቃድ ይክፈቱና ዲስክፓርት ብለው ይጻፉ፤ ዲስክ የሚከፋፍለው ፕሮግራም ነው፤ ትእዛዞቹ ሁሉ በእንግሊዝኛ ፊደል ነው የሚጻፉት። ሊስት ዲስክ ሲሉ ዲስኮቹ በቁጥር ይዘረዘራሉ። እዚህ ላይ አይቸኩሉ። ካርዱን ነቅለው እንደገና ሊስት ዲስክ ይበሉ፤ ከዝርዝሩ የጠፋው ወይም መጠኑ ዜሮ የሆነው ቁጥር የካርዱ ነው። ካርዱ እንደተሰካ መጠኑ 59 ጊጋባይት አካባቢ መሆን አለበት። ይህን አጥብቄ የምናገረው ቁጥሩን ሳላጣራ የአንዲት ሙሽራን የሠርግ ፎቶዎች የያዘ ዲስክ ስላጠፋሁ ነው። ብዙዎቹን በማዳኛ ፕሮግራም መለስኋቸው፤ አባቷ ሲመርቋት የተነሣችውን ግን ላገኝላት አልቻልሁም።

ካርዱን መልሰው ከሰኩ በኋላ ቁጥሩን እንደገና አይተው ሴሌክት ዲስክ ከነቁጥሩ፣ ቀጥሎ ክሊን፤ ይህ ዲስኩን ባዶ ያደርገዋል። ክሊን "እርግጠኛ ነዎት?" ብሎ አይጠይቅም። ከዚያ ክሪኤት ፓርቲሽን ፕራይመሪ፣ ፎርማት ኤፍኤስ=ኤክስፋት ኩዊክ፣ በመጨረሻም አሳይን። ካሜራው አሮጌ ከሆነና ከ32 ጊጋባይት በላይ የማይቀበል ከሆነ ክፍልፋዩን ሲሠሩ ሳይዝ=30000 ይጨምሩና በኤክስፋት ፈንታ ፋት32 ያድርጉት፤ የቀረው ቦታ ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል።

የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛዋ፣ ደብረ ሲና፦
መምህር፣ ክሊን ከማለትዎ በፊት እባክዎ ይቆዩ። ዊንዶውስ ያላየው ትልቁ ክፍልፋይ ባዶ አይደለም። ተማሪዎቹ በዚያ መሣሪያ ይጽፉበት ከነበረ ሥራቸው እዚያው ነው ያለው። ትንሹ ክፍልፋይ ፎርማት ስለተደረገ መሣሪያው በዚህ ካርድ አይነሣም፤ ነገር ግን በአዲሱ ካርድ አስነሥታችሁ አሮጌውን በካርድ ሪደር ዩኤስቢው ላይ ብትሰኩት ፋይሎቹ ይከፈታሉ። በክሊን ከጠፋ በኋላ መፈለግ ግን ሌላ መከራ ነው።

መምህሩ፦
እህቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እንደ ነገርሽኝ ባደርግ የስምንተኛ ክፍል ልጆች ስለ ጓሳ ጥብቅ ስፍራ የጻፏቸው 31 ድርሰቶች ወጡ። አንዱ ልጅ ቀይ ቀበሮ ከጭላዳዎች መካከል ገብቶ አይጥ ሲያድን ያየበትን ማለዳ ጽፏል፤ ባለፈው ዓመት አንብቤው ነበር፣ ሌላ ቅጂ የለውም። ሁሉንም ወደ ፍላሽ ገልብጫለሁ። አሁን ክሊን ስል ግን ካርዱ ከመጻፍ የተከለከለ ነው ይለኛል።

ጠጋኙ፦
ማይክሮውን የሰኩበትን ትልቁን ማቀፊያ ይመልከቱት። በግራ ጎኑ ትንሽ መንሸራተቻ አለች፤ ወደ ታች ከወረደች ካርዱ ተቆልፏል። በጥፍርዎ ወደ ላይ ይግፏት።

መምህሩ፦
እርሷው ነበረች። 59 ጊጋባይት ሙሉውን አሳየኝ፤ ካሜራው ውስጥ ከትቼም በራሱ በካሜራው አንድ ጊዜ ፎርማት አደረግሁት።

መምህሩ (ከፋሲካ በኋላ)፦
ከሞላሌ ተመለስሁ። እናቴ በር ላይ ተቀምጣ አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ተናገረች። እንዝርቱን በጭኗ ላይ ስታሾረው የሚያሰማው ድምፅ እንኳ ተቀርጿል። ቪዲዮውን ኮምፒውተር ላይና ፍላሽ ላይ አስቀምጬዋለሁ፤ ካርዱን ገና አላጠፋሁትም።