«ጉዳት ቢኖረው አይሸጥም ነበር»

ፋርማሲስቷ፦ ትናንት እዚሁ ግሩፕ ላይ አንድ አሰልጣኝ የፋት በርነር (ስብ ያቃጥላል የሚባል ክኒን) ፎቶ ለጥፎ «ጉዳት ቢኖረው አይሸጥም ነበር» ብሏል። የላይኩን ብዛት ሳይ ደሜ ፈላ። ሰፕሊመንት (ከምግብ በተጨማሪ የሚወሰድ ክኒን ወይም ዱቄት) እኮ እንደ መድኃኒት ተፈትኖ አይደለም ገበያ የሚገባው። አሜሪካን ብትወስዱ፣ በፈረንጆቹ 1994 (የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) በወጣው ሕግ መሠረት አምራቹ መሥራቱንም አለመጉዳቱንም አስመስክሮ ከኤፍዲኤ፣ ከአገሪቱ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ፣ ፈቃድ አይወስድም። ኤፍዲኤ ብዙውን ጊዜ የሚደርሰው ሰው ከታመመ በኋላ ነው።

ብረቱ፦ «አንድ አሰልጣኝ» እኔ ነኝ። ስም መጥራት ያስፈራል እንዴ? ያልኩትን አሁንም እላለሁ። በግልጽ የሚሸጥ ነገር መርዝ ሊሆን አይችልም።

ቆቅ፦ ሲጋራስ ተደብቆ ነው የሚሸጠው?

ብረቱ፦ ሲጋራን ምን አመጣው? ርዕስ አታስቀይር።

ፋርማሲስቷ፦ እሺ፣ ርዕሱ ላይ እንቆይ። ኤፌድራ የሚባለው አነቃቂ ዕፅም ለማቅጠኛ በግልጽ ይሸጥ ነበር። በ2003 ስቲቭ ቤክለር የሚባል የቤዝቦል ተጫዋች ልምምድ ላይ ወድቆ በ23 ዓመቱ ሞተ። አስከሬኑን የመረመረው ሐኪም ኤፌድራው ድርሻ አለው አለ። እገዳው የመጣው በ2004 ነው። በአንተ አባባል እስከዚያ ድረስ ጉዳት አልነበረውም ማለት ነው።

ብረቱ፦ ልጁን የገደለው ሙቀት ነው። ግፊትም ነበረበት ተብሏል። እሱን ለምን ዘለልሽው? ደግሞስ ታገደ አይደል? ቁጥጥሩ ሠራ። የተረፈው ደህና ነው።

ቆቅ፦ «የተረፈው ደህና ነው»! ወንድሜ፣ ይቺን ብልቃጡ ላይ አሳትማት።

ፋርማሲስቷ፦ ግፊት ያለበት ሰው ነዋ ይበልጥ የሚጎዳው። ሲገዛ ማን ይለካለታል፣ አንተ? የተረፈውን ደግሞ ልንገርህ። ሃይድሮክሲከት የሚባለው ማቅጠኛ ውስጥ ኤፌድራ ነበረበት። ኤፌድራው ወጣ፣ ቅመሙ ተቀየረ፣ ስሙ ግን ያው ቀጠለ። በ2009 እንደገና ከገበያ ተሰበሰበ። ኤፍዲኤ ጋ 23 የከባድ ጉዳት ሪፖርቶች ደርሰው ነበር፣ በአብዛኛው የጉበት። አንዱ ሰው ሞቷል። ኦክሲኤሊት ፕሮም እንደዚሁ። ዲኤምኤኤ የሚባለው አነቃቂ ጣጣ ሲያመጣበት በሌላ ነገር ተክተው መለሱት። በ2013 ሃዋይ ላይ ሰው በጉበት ሕመም ሆስፒታል ገባ። ጉበት እስከ ማስተከል የደረሱ አሉ። አንተ «የተረፈው» የምትለው ገና ያልተደረሰበትን ነው።

ብረቱ፦ ሁለት ብራንድ ጠርተሽ ሁሉንም ኮነንሽ። ለመሆኑ አንቺ ምን ትሸጫለሽ? መድኃኒት! ሰው በራሱ ከቀነሰ ገበያሽ ይቀዘቅዛል።

ፋርማሲስቷ፦ እኔ የምሸጠው የጎንዮሽ ጉዳቱ የተጻፈበትን ነው። አንተስ? ከእያንዳንዱ ብልቃጥ ኮሚሽን አለህ የለህም?

ብረቱ፦ እሱ የግል ጉዳይ ነው።

ቆቅ፦ ተመለሰ።

እሙ፦ ኧረ ተዉ! እኔ ጋርሲኒያ የሚባለውን ከፍሬ የሚሠራ ክኒን ወስጄ ቀንሻለሁ። ምንም አልሆንኩም። ሰው አታስፈራሩ።

ሚዛን፦ እሙዬ፣ ያኔ አመጋገብሽን አልቀየርሽም?

እሙ፦ ቀይሬያለሁ። ታዲያስ?

ሚዛን፦ ታዲያማ የትኛው እንደሠራ በምን አወቅሽ? ጋርሲኒያ በፈረንጆቹ 1998 በወጣ ጥናት 135 ሰዎች ላይ ተሞክሯል። ሁሉም አመጋገባቸውን ቀነሱ። ገሚሱ ጋርሲኒያውን ዋጠ፣ ገሚሱ ባዶ ክኒን። ከ12 ሳምንት በኋላ ባዶውን የዋጡት በአማካይ 4.1 ኪሎ፣ ጋርሲኒያ የዋጡት 3.2 ኪሎ ቀነሱ። ልዩነቱ በስታትስቲክስ የሚቆጠር አይደለም፤ ቢያንስ ግን ክኒኑ አልበለጠም።

እሙ፦ እኔ ጥናት አይደለሁም። ቀሚሴ ሰፍቶኛል።

ብረቱ፦ እሙ፣ ጀግና! ስቡ ሲቃጠል እኮ ይታወቃል። ላብ ይመጣል፣ ሰውነት ይግላል።

ሚዛን፦ እሱ ካፌይን ነው። ጉልበት ማቃጠልን በጥቂቱ ከፍ ያደርጋል፣ አይካድም። ግን ልብ ስለደለቀ ስብ ቀለጠ ማለት አይደለም።

እሙ፦ የእኔ ለማንኛውም ዕፅዋት ብቻ ነው። ላዩ ላይ ተጽፏል።

ዶክተሩ፦ እኔን የሚያሳስበኝ ያልተጻፈው ነው። ሲቡትራሚን የሚባለው የክብደት መቀነሻ መድኃኒት በፈረንጆቹ 2010 ከገበያ የወጣው ለሃርት አታክና ለስትሮክ የመጋለጥ አደጋን ስለሚጨምር ነው። ዛሬም «ዕፅዋት ብቻ» በሚሉ ክኒኖች ውስጥ ይገኛል። ኤፍዲኤ ከ2007 እስከ 2016 ያልተጻፈ መድኃኒት አገኘሁባቸው ካላቸው 776 ሰፕሊመንቶች 40 በመቶ ያህሉ የክብደት መቀነሻ ነበሩ። ዕፅዋቱም ቢሆን ዝም ብሎ አይታመንም። የአውሮፓ የምግብ ደህንነት ባለሥልጣን በ2018 እንዳለው፣ በሰፕሊመንት መልክ በቀን 800 ሚሊግራምና ከዚያ በላይ ካቴኪን የሚባለውን የአረንጓዴ ሻይ ንጥረ ነገር መውሰድ የጉበት ምርመራ ውጤትን ሊያዛባ ይችላል። ጠቅላላው መታገድ አለበት ባይ ነኝ።

ቆቅ፦ ዶክተር፣ እዚህ ላይ እንለያያለን። አዋቂ ሰው የፈለገውን ይዋጥ። እውነቱ ተጽፎለት ብቻ።

ዶክተሩ፦ ማን ይጽፍለታል? አምራቹ?

ብረቱ፦ የእኛ በገለልተኛ ላብራቶሪ የተመረመረ ነው። ሰርተፊኬት አለው። አበቃ!

ፋርማሲስቷ፦ እንዲህ ዓይነት ሰርተፊኬት የተጻፈው በትክክል ውስጡ መኖሩን ነው የሚያየው። ስብ ያቃጥላል አይልም።

ብረቱ፦ አንቺን የሚያረካ ነገር የለም።

ሚዛን፦ እስቲ ለማንኛውም ለጥፈው፣ እንየው።

ብረቱ፦ አሁን ስልጠና ላይ ነኝ።

ቆቅ፦ እየጻፍክ?