የ2004 ሲልቨራዶ 5.3 ኮምፒውተር ትዩን፦ ከፍታው፣ 85 ቤንዚኑና ካምቢዮው

ሲልቨራዶ_አውሮራ

ሰላም ወገኖች። መኪናው የ2004 ሲልቨራዶ 1500 ዜድ71 ነው። ሞተሩ ኤልኤም7 5.3፣ ካምቢዮው 4ኤል60ኢ፣ የሄደው 168 ሺህ ማይል። ከካታሊስቱ (ጭሱን ከሚያጣራው ክፍል) በኋላ ያለው ቱቦና ማርሚታ ተቀይሯል፤ ጎማው ከ265/75አር16 ወደ 285/75አር16 ከፍ ብሏል። የሚነዳው ኮሎራዶ ውስጥ ዴንቨርና አውሮራ ሲሆን በሐምሌ ደግሞ ዳላስ ይወርዳል።

የፍጥነት መቁጠሪያው ከእውነተኛው ያነሰ ያሳያል። በኢንተርስቴት 70 ዳገቱን ሲወጣ 3ኛና 4ኛ ማርሽ ላይ ይዋልላል። ነዳጅ ሲረገጥም ቶሎ አይነሳም። ለዚህ መኪና ተብሎ የሚሠራ ትዩን (የሞተሩንና የካምቢዮውን ኮምፒውተር ቁጥሮች ማስተካከል) ላስደርግ አስቤ ሦስት መንገድ ቀርቦልኛል፦ ዝግጁ ፕሮግራም ያለበት በእጅ የሚያዝ መሣሪያ፣ ፋይል በኢሜይል የሚልክ ሰው፣ ወይም ዳይኖ (መኪናው ቆሞ ጉልበቱ የሚለካበት ማሽን) ላይ ማሠራት። የቱ ይሻላል? ከመነካቱ በፊት ምን ላረጋግጥ? 85 ኦክቴን ቤንዚን እየቀዳሁ ልቀጥል? ካምቢዮውስ ይችለዋል?

ዳታሎግ

ወንድሜ፣ ለማንም ገንዘብ ሳትከፍል መጀመሪያ ዳታ ሰብስብ። አየር የሚያስገባ ጓርኒሲዮን ያለበት ሞተር ላይ ትዩን ከተሠራ፣ ሠሪው ቀዳዳውን የኮምፒውተሩ የነዳጅ ሠንጠረዥ ውስጥ ይጽፈዋል። በኋላ ጓርኒሲዮኑ ሲቀየር ትዩኑ ስህተት ሆኖ ይቀራል፤ ሁለተኛ ትከፍላለህ።

ስካነር ሰክተህ እነዚህን መዝግብ፦ አርፒኤም፣ ማፕ (የማኒፎልዱ ግፊት)፣ ማፍ (የሚገባው አየር መጠን)፣ የሁለቱም ባንክ (የሞተሩ ሁለት ጎን) አጭርና ረጅም የነዳጅ ትሪም (ኮምፒውተሩ የሚጨምረው + ወይም የሚቀንሰው ነዳጅ በመቶኛ)፣ ስፓርክ አድቫንስ (ታይሚንግ፣ ካንዴላው የሚተኩስበት ጊዜ)፣ ኖክ ሪታርድ (ሞተሩ ሲያንኳኳ ኮምፒውተሩ ከታይሚንጉ የሚቀንሰው)፣ የውሃውና የሚገባው አየር ሙቀት። ሞተሩ በደንብ ይሙቅ፣ 190 ፋራናይት ይለፍ። 5 ደቂቃ ቆሞ ይሥራ፣ ከዚያ 2500 አርፒኤም ላይ አንድ ሁለት ደቂቃ ያዘው፣ ከዚያ 20 ደቂቃ ንዳው። የተቀመጡ ኮዶችንም አንብብ፤ ቼክ ኢንጅን መብራቱ ባይበራም እንኳ።

ረጅሙ ትሪም ከ5 በመቶ ወደ ላይም ወደ ታችም ካላለፈ ደህና ነው። ቆሞ ሲሠራ +12 ወይም +15 ብሎ 2500 ላይ ወደ +3 ከወረደ የሆነ ቦታ አየር እየገባ ነው። የቀዳዳው መጠን ያው ሆኖ ሞተሩ ብዙ አየር ሲስብ ድርሻው ስለሚያንስ ነው ቁጥሩ የሚወርደው። በተቃራኒው ቆሞ ደህና ሆኖ ጭነት ሲበዛ +10 የሚያልፍ ከሆነ ወይ ማፍ ሴንሰሩ ቆሽሿል ወይ የነዳጅ ፓምፑ ደክሟል። ዘይት የሚቀባ የአየር ማጣሪያ ከተገጠመለት መጀመሪያ የምትጠረጥረው ማፉን ነው። ለማፍ ተብሎ በሚሸጠው ስፕሬይ ብቻ እጠበው፤ ውስጡ ያለችውን ቀጭን ሽቦ ጨርቅም ጣትም እንዳይነካት። የነዳጁን ግፊት በጌጅ ለካ፦ ቁልፍ ተከፍቶ ሞተሩ ሳይነሳ ከ55 እስከ 62 ፒኤስአይ መሆን አለበት። ካንዴላውን መቼ እንደተቀየረ ካላወቅህ ቀይረው፤ ክፍተቱ 1 ሚሊሜትር ገደማ።

ኮፈን_ስር

ስለ ሦስቱ መንገዶች። በእጅ የሚያዘው መሣሪያ የሚጭነው ለሁሉም 5.3 የተዘጋጀ ፋይል ነው። የጎማ መጠን ያስተካክልልሃል፣ ማርሽ የሚቀይርበትን ፍጥነት በተወሰነ ደረጃ ያስነካሃል፤ ያንተን ሞተር ግን አላየውም። በዚያ ላይ በመኪናው ቪን (የሻሲ ቁጥር) ይታሰራል፤ ኦሪጂናሉን ሳትመልስ ብትሸጠው ለገዢው አይሠራም። «ኮምፒውተሩን ፈተህ በፖስታ ላክልኝ፣ ጽፌ እመልስልሃለሁ» የሚልህም አንድ ሎግ ሳይጠይቅ ከሆነ ያው ዝግጁ ፋይል ነው የሚሸጥልህ።

የ2004ቱ ኮምፒውተር ፒ59 የሚባለው ነው፤ ሶኬቶቹ ሰማያዊና አረንጓዴ ናቸው። ኤችፒ ቱነርስና ኢኤፍአይላይቭ በሚባሉት የትዩን ፕሮግራሞች ይከፈታል፣ ሠንጠረዦቹም ዓመታት ስለተሠራባቸው በደንብ የታወቁ ናቸው። እኔ የምመርጥልህ በኢሜይል የሚሠራ ሰው ነው፣ በሁለት ሁኔታ፦ ኬብሉን ራስህ ትገዛለህ፣ እሱም ቢያንስ ሦስት ዙር ሎግ እያየ ያስተካክላል። የኤችፒ ቱነርስ ኬብል ለዚህ ኮምፒውተር 2 ክሬዲት (የሚገዛ ፈቃድ) ይወስዳል፤ አንዴ ከተከፈለ ያንን ኮምፒውተር የፈለግኸውን ያህል ጊዜ ትጽፍበታለህ። ዳይኖ ጥሩ የሚሆነው ቦታው ዋይድባንዱን (የአየርና የነዳጅ መጠን መለኪያውን) ከካታሊስቱ በፊት ሲሰካ ነው። ጭስ ማውጫው ጫፍ ላይ የሚሰካ መለኪያ በቱቦው ቀዳዳ የሚገባውን አየር አብሮ ስለሚቆጥር ሞተሩን ነዳጅ ያነሰው አስመስሎ ያሳያል። ሙሉ ሲረገጥ ላምዳው (የመለኪያው ቁጥር፤ ከ1 በታች ነዳጅ የበዛበት ማለት ነው) ከ0.86 እስከ 0.88 ይሁን።

አሁን ወደ ዋናው፣ ከፍታው። ዴንቨር 1,609 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት 83 ኪሎፓስካል ገደማ ነው፤ ባሕር ጠለል ላይ 101 ነው። በዚህ ምክንያት የጠፋውን ጉልበት ቱርቦ ወይም ሱፐርቻርጀር በሌለው ሞተር ላይ የሚመልስ ትዩን የለም፤ እመልሳለሁ ከሚል ሰው ሽሽ። አዲስ አበባ ላይ መኪና የነዳ ሁሉ ይህን ስሜት ያውቀዋል።

ትዩኑን የሚነካው ደግሞ እንዲህ ነው። የዚህ ኮምፒውተር የታይሚንግ ሠንጠረዥ በአንድ በኩል አርፒኤም፣ በሌላው በኩል አንድ ሲሊንደር በአንድ ዙር የሚስበው አየር በግራም ተጽፎበታል። ዴንቨር ላይ ሙሉ ብትረግጠው 0.6 ግራም አካባቢ ይቆማል። ዳላስ ላይ 0.7 ይደርሳል። ስለዚህ ዴንቨር ላይ ብቻ ሎግ ተደርጎ ታይሚንግ ከተጨመረ፣ ከ0.6 በላይ ያሉት ረድፎች አንድም ቀን አልተፈተኑም። ሠሪው «እዚያ አልደረሰም» ብሎ እነሱንም አብሮ ከፍ ካደረጋቸው፣ በሐምሌ ሙቀት ዳላስ መግቢያ ላይ ተጎታች ጭነህ ስትረግጠው ሞተሩ ያንኳኳል። ከ0.64 በላይ ያለው በሙሉ የፋብሪካው ቁጥር ሆኖ እንዲቀር በግልጽ ንገረው።

85 የሚሸጠው ቀጭን አየር መንኳኳትን ስለሚቀንስ ነው፤ መኪናው ግን በማኑዋሉ 87 ነው የሚጠይቀው። ትዩኑን በ87 አሠራ፣ ከዚያ በኋላም 87 ቅዳ። ወደ ዝቅታ ስትወርድ ደግሞ ታንከሩ ውስጥ 85 ይዘህ አትውረድ። በ91 ማሠራት በዚህ ሞተር ላይ ትርፉ ጥቂት ነው፤ ኮምፕረሽኑ 9.5 ብቻ ነው።

ማርሽ4

ካምቢዮውን በሚመለከት። የ4ኤል60ኢ 3ኛ ማርሽ 1.00፣ 4ኛው 0.70 ነው፤ ክፍተቱ ሰፊ ነው። ጎማው ሲያድግ ዲፈረንሻሉ የቀለለ ያህል ይሆናል፤ 3.73 ከሆነ እንደ 3.60 ይሠራል። ስለዚህ ዳገት ላይ 4ኛው መሸከም ያቅተዋል፣ ወደ 3ኛ ይወርዳል፣ ትንሽ ሲቀለው መልሶ ይወጣል። የዲፈረንሻሉን ቁጥር የጓንት ማስቀመጫው ውስጥ ያለው ተለጣፊ ላይ ታገኘዋለህ፦ ጂዩ6 ካለ 3.42፣ ጂቲ4 ካለ 3.73።

መፍትሔው ከ3 ወደ 4 የሚወጣበትን ፍጥነት መሃል ረገጣ ላይ ከፍ ማድረግና ከ4 ወደ 3 ከሚወርድበት ፍጥነት ጋር ያለውን ርቀት ማስፋት ነው። ሁለቱ መስመሮች ከተቀራረቡ መዋለሉ አይጠፋም። እስከዚያው ዳገት ላይ የቶው/ሆል (የጭነት መጎተቻ) ቁልፉን ተጫን።

ነዳጅ ሲረገጥ መዘግየቱ በአብዛኛው የቶርክ ማኔጅመንት ሥራ ነው፤ ኮምፒውተሩ ማርሽ ሲቀየር ታይሚንግ ይቀንሳል። ብዙ ሰው ወደ ዜሮ ያወርደውና መኪናው ሲመታ ደስ ይለዋል። 168 ሺህ ማይል የሄደ 4ኤል60ኢ ላይ ይህን እንዳታስደርግ እለምንሃለሁ። ውስጡ ያለው የሰን ጊር ሼል በዚያ ምት ይሰበራል፤ የተሰበረ ቀን 2ኛ፣ 4ኛና የኋላ ማርሽ አብረው ይጠፋሉ፣ 1ኛና 3ኛ ብቻ ይቀራሉ። ከ30 እስከ 40 በመቶ መቀነስ በቂ ነው፤ ለውጡ ይሰማሃል።

ከትዩኑ በፊት አንድ ሎግ ጨምር፦ 4ኛ ማርሽ ላይ ኮንቨርተሩ (ሞተሩንና ካምቢዮውን የሚያገናኘው) ተቆልፎ በ60 ማይል ስትሄድ ስሊፑ (በሞተሩና በካምቢዮው ዙር መካከል ያለው ልዩነት) ስንት ነው? ከ20፣ 30 አርፒኤም ካላለፈ ጥሩ ነው። ከ100 በላይ ከሆነ፣ በተለይ ፒ1870 ኮድ ካለ፣ የቫልቭ ቦዲው (በካምቢዮው ውስጥ ዘይቱን የሚያከፋፍለው ክፍል) ቀዳዳ ተበልቷል፤ ያንን ትዩን አይጠግነውም። የካምቢዮ ዘይቱ ሙቀት ዳገት ላይ ከ200 ፋራናይት አካባቢ አይራቅ፤ 230 ካለፈ ቀዝቀዝ እስኪል ቁም።

ሲልቨራዶ_አውሮራ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሎጉ እነሆ፦ ቆሞ ሲሠራ ረጅም ትሪም ባንክ 1 +14፣ ባንክ 2 +13። 2500 ላይ +4 እና +3። ጠዋት ሲቀዘቅዝ ይብሳል። የነዳጅ ግፊት 58። ስሊፕ 15። ኖክ ሪታርድ በሁሉም ቦታ ዜሮ፤ ይህ ደስ ብሎኛል። የተቀመጠ ኮድ አንድ አለ፣ ፒ0332።

ዳታሎግ

በዜሮው አትደሰት። ፒ0332 ማለት የኋለኛው ኖክ ሴንሰር (መንኳኳትን የሚሰማው) ምልክት አይሰጥም ማለት ነው። ያ ዜሮ «አላንኳኳም» አይልህም፤ ሰሚ የለም ነው የሚልህ። ኮምፒውተሩም ለጥንቃቄ ታይሚንግ ስለሚቀንስ ከመነሳቱ መዘግየት ከፊሉ ከዚህ ሊሆን ይችላል።

ዕድልህ ሆኖ ሁለቱም ችግር አንድ ቦታ ነው ያለው። ሁለቱ ባንክ እኩል ከፍ ማለቱና ብርድ ላይ መባሱ የኢንቴክ ማኒፎልዱን (አየሩን ወደ ሲሊንደሮቹ የሚያደርሰውን) ጓርኒሲዮን ይጠቁማል፤ ሲያረጅ ይደርቃል፣ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ይለቃል። እርግጠኛ ለመሆን ጭስ አስገብተህ ፈትሽ፣ የቫኩም ቱቦዎቹንም አብረህ እይ። ኖክ ሴንሰሮቹ ደግሞ እዚያው ማኒፎልዱ ስር ጉድጓድ ውስጥ ናቸው። ውሃ ከላይ እየገባ ይጠራቀምባቸዋል፤ የኋለኛውን የጎማ ክዳን ስታነሳ ሴንሰሩ በቀይ ዝገት ዱቄት ተሸፍኖ ብታገኘው አይግረምህ።

አንዴ ከከፈትከው ሁለቱንም ሴንሰርና የሚያገናኛቸውን ሽቦ ቀይር፣ አንዱን ብቻ ቀይረህ አትዝጋ። ከመንቀልህ በፊት ጉድጓዱን በቫኩም አጽዳ፣ ዝገቱ ወደ ሞተሩ እንዳይወርድ። ሴንሰሩን 15 ፓውንድ ፉት አጥብቅ፤ ከመጠን በላይ ከጠበቀ በትክክል አይሰማም። የማኒፎልዱን ቡሎኖች ከመሃል ወደ ዳር በሁለት ዙር፦ መጀመሪያ 44፣ ቀጥሎ 89 ፓውንድ ኢንች። ኢንች ነው፣ ፉት አይደለም፤ ማኒፎልዱ ፕላስቲክ ነው። በኋለኛው ክዳን ዙሪያ ሲሊኮን ቀባ፣ ግን ከፊት በኩል ትንሽ ክፍት ተወው፣ የገባ ውሃ መውጫ ይኑረው። ከዚያ ባትሪውን ነቅለህ ትሪሙ እንዲጠፋ አድርግና 100 ማይል ነድተህ አዲስ ሎግ ውሰድ። ለሠሪው የምትልከው ያንን ነው።

ኮፈን_ስር

መጻፍ ላይ ስትደርስ፦ ከሁሉ በፊት ኦሪጂናሉን አንብበህ ሁለት የተለያየ ቦታ አስቀምጥ። ባትሪው ላይ ቻርጀር ይሰካ፣ ቮልቴጁ ከ12.5 አይውረድ። የሬዲዮና የኦንስታር (የመኪናው የስልክ አገልግሎት) ፊውዝ ይነቀል፤ በመሃል ገብተው ግንኙነቱን ይረብሻሉ። ላፕቶፑ ኤሌክትሪክ ላይ ይሁን፣ እንዳይተኛና ዝመና እንዳይጀምር አድርገው። ቁልፉ ክፍት፣ ሞተሩ ያልተነሳ። የሚጻፈው ካሊብሬሽኑ (የቁጥር ሠንጠረዦቹ) ብቻ ነው፤ ሙሉውን መጻፍ ረጅም ጊዜ ስለሚወስድ አደጋው ይጨምራል። በመሃል ከቆመ ቁልፉን አትዝጋ፣ ኬብሉን አትንቀል፤ እዚያው እንዳለ እንደገና ጻፍ፣ አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳል።

ለፍጥነት መቁጠሪያው አዲሱ ጎማ 834 ሚሊሜትር፣ የድሮው 804 ነው፤ ልዩነቱ 3.7 በመቶ። አሁን 65 ሲያሳይህ እየሄድክ ያለኸው 67.4 ነው። በወረቀት ከተሰላው ይልቅ በጂፒኤስ አመሳክረህ የመጨረሻውን ቁጥር ስጠው፤ ጎማ ሲጫን ስለሚጎብጥ ትንሽ ይለያያል። ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን ከፍተኛ የፍጥነት ገደብ ግን ጎማው ከሚችለው ፍጥነት በላይ አታስደርግ።

ሠሪው የኋላ ኦክስጅን ሴንሰሮችን ወይም የካታሊስት ፍተሻውን አጠፋልሃለሁ ቢልህ እምቢ በል፤ በፌዴራል ሕግ የተከለከለ ነው፣ ኢንስፔክሽንም ይጥልሃል። ከጻፍክ በኋላ የሬዲነስ ሞኒተሮቹ (ኮምፒውተሩ የራሱን ፍተሻ መጨረሱን የሚያሳዩት) ባዶ ይሆናሉ። ኢንስፔክሽንህ የቀረበ ከሆነ ትዩኑን ከዚያ በኋላ አድርገው፤ ካልሆነ ግን ከቀዝቃዛ ሞተር የተነሳ፣ ከተማም ሃይዌይም ያለበት ጥቂት ቀን ንዳውና ሁሉም መሙላታቸውን በስካነር አይተህ ሂድ።