የአድባራቱ ብራና ለዓለም ይከፈት ወይስ በደጁ ይጠበቅ?

አወያይ፣ ከአራዳ፦
የዚህ ሳምንት የክርክር ርእሳችን የመጣው ከአንድ የጎንደር ደብር ሰበካ ጉባኤ ነው። ባለሙያዎች መጥተው በዕቃ ቤቱ ያሉትን የብራና መጻሕፍት ገጽ በገጽ ፎቶ አንሥተው በበይነ መረብ ለማኖር ፈቃድ ጠየቁ፤ ጉባኤው ግን ለሁለት ተከፍሎ ነገሩን ሳይቋጭ ተነሣ። የደብሩን ስም ማንሣት አያስፈልግም፤ ጥያቄው የሁላችንም ነውና። የጎንደር አድባራት መጻሕፍት ሙሉ ምስል ማንም ሰው ከየትም ሆኖ በሚከፍተው ዲጂታል ቤተ መጻሕፍት ይቀመጥ ወይስ ባለቤቱ ደብር በፈቀደው መጠን ብቻ በሀገር ውስጥ ይያዝ? አስተያየት የምትሰጡ ሁሉ ምክንያታችሁን አክላችሁ እንድትጽፉ በትሕትና እጠይቃለሁ።

ከማራኪ፣ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ፦
እኔ ይከፈት ባይ ነኝ። ሆኖም «ዲጂታል ቤተ መጻሕፍት» የሚለው ስም ብዙ የማይመሳሰሉ ነገሮችን በአንድ ከረጢት ስለሚከት፣ ከክርክሩ በፊት ከረጢቱን መፍታት ይበጃል። በ1971 እ.ኤ.አ. የተጀመረው ፕሮጀክት ጉተንበርግ የባለቤትነት መብታቸው ያበቃ መጻሕፍትን በበጎ ፈቃደኞች ጉልበት ወደ ኮምፒውተር ፊደል እየለወጠ ያኖራል፤ የሚሰጠን ቃሉን እንጂ የመጽሐፉን መልክ አይደለም። የፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት በ1997 እ.ኤ.አ. የከፈተው ጋሊካ በተቃራኒው ገጹን እንዳለ፣ ከነእድፉ ያሳያል። በ2008 እ.ኤ.አ. የተከፈተው ዩሮፒያና የሌሎችን ስብስብ የሚያገናኝ በር ሲሆን፣ ምስሉ ያለው በየባለቤቱ ቤት ነው። በሐምቡርግ ዩኒቨርሲቲ ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራው «ቤታ መጻሕፍት» ደግሞ ዋና ሥራው መግለጫ ነው፤ መጽሐፉ ምን እንደያዘ፣ ማን እንደጻፈው፣ በማን እጅ እንዳለፈ ይመዘግባል። በአሜሪካ ሚኒሶታ በኮሌጅቪል ያለው የሂል ቤተ መጻሕፍት ምስሉን ያለ ክፍያ ያሳያል፣ ነገር ግን አንባቢው አስቀድሞ ስሙን ማስመዝገብ አለበት። እንግዲህ «ይከፈት» ስንል ከነዚህ የትኛውን ማለታችን ነው? መግለጫውን ከፍቶ ምስሉን መያዝ ይቻላል፤ ምስሉንም ለተመዘገበ አንባቢ ብቻ ማሳየት ይቻላል።

ይህን የምለው ከልምድም ጭምር ነው። ኮሌጅቪል ያሉት የኢትዮጵያ መጻሕፍት ምስሎች አብዛኞቹ በ1973 እ.ኤ.አ. ከተጀመረው የማይክሮፊልም ሥራ የመጡ ናቸው፤ ከ9 ሺህ በላይ መጻሕፍት የተነሡበት፣ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌም ዕድሜያቸውን ለካታሎጉ የሰጡበት ሥራ ነው። ውለታው ትልቅ ነው። ነገር ግን ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ነው። አንድ የተአምረ ማርያም ገጽ በስክሪን ላይ ከፍቼ፣ የእመቤታችን ስም በቀይ ቀለም የተጻፈበትን ቦታ ብፈልግ ሁሉም አንድ ዓይነት ግራጫ ሆኖብኝ ሳነብ ብቻ ነው ያገኘሁት። ዛሬ በቀለም የተነሣ ገጽ ሲሰፋ ግን በግርጌው ጥግ አንባቢዎች በአውራ ጣታቸው ያጠቆሩት ቦታ፣ የጧፍ ጠብታ ያረፈበት መስመር፣ የአስጻፊው ስም ተፍቆ የሌላ ሰው ስም የገባበት ሻካራ ቆዳ ሳይቀር ይታያል። ይህን የሚያይ ተማሪ ከጎንደር ወጥቶ ለንደን መሄድ አይኖርበትም።

ከቀሐ፣ የድጓ መምህር፦
እኅታችን ከረጢቱን በመፍታታቸው አመሰግናለሁ፤ አሁን ደግሞ የከረጢቱን ባለቤት እንጠይቅ። በመጻሕፍቶቻችን መጀመሪያ ወይም መጨረሻ ላይ «ዘሠረቆ ወዘፈሐቆ በሥልጣነ ጴጥሮስ ወጳውሎስ ውጉዝ ለይኩን» ተብሎ ተጽፏል። የሰረቀውና የፋቀው የተወገዘ ይሁን ማለት ነው። ፎቶ ያነሣውስ? ቀልድ እንዳይመስላችሁ፤ አስጻፊው መጽሐፉን የሰጠው ለዚያ ደብር ታቦት ነው፣ ለዓለም አንባቢ አይደለም። ይህን ስጦታ ሌላ ሰው አስፍቶ ሊተረጉመው ይችላልን?

ሁለተኛው ነገር የትምህርቱ ጠባይ ነው። የዜማ መጽሐፉን ድጓን በምስል ያየ ሰው ፊደሉንና ከላዩ ያለውን ምልክት ያያል፤ ዜማውን ግን ከመምህሩ አፍ ካልተቀበለ ምልክቱ ለእርሱ የጉንዳን እግር ነው። የመጻሕፍት ትርጓሜው የአንድምታውም ነገር እንደዚያው ነው፤ የጎንደር ላይ ቤት መምህራን በቃል ያቆዩት ብዙ ነገር በብራናው ላይ የለም። ስለዚህ መጽሐፉ ተከፈተ ማለት ትምህርቱ ተከፈተ ማለት አይደለም፤ እንዲያውም ጉባኤ ቤት ያልረገጠ ሰው «አንብቤዋለሁ» እያለ እንዲናገር ድፍረት ይሰጠዋል። የአስማት ጸሎት ያለባቸው ክታቦችማ ያለ ገደብ በየሰው ስልክ ላይ ሲዞሩ ምን እንደሚደረግባቸው ለማሰብም ይከብደኛል።

ከፒያሳ፣ አስጎብኚ፦
የኔታ፣ በአክብሮት እቃወምዎታለሁ። ግዝቱ የጎንደርን መጻሕፍት አላዳናቸውም። አፄ ቴዎድሮስ ከአድባራታችን ሰብስበው ወደ መቅደላ ከወሰዷቸው መካከል ብዙዎቹ በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ከዘረፈው ጋር ተጭነው ሄዱ፤ 350 የሚሆኑት ዛሬ በብሪቲሽ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። ጎብኚ ወደ ቤተ መንግሥቱ ግቢ ሳስገባ የጻድቁ ዮሐንስ ቤተ መጻሕፍት የሚባለውን ሕንፃ አሳያለሁ፤ ሰዎች በመስኮቱ አሻግረው ያዩና «መጻሕፍቱስ የት አሉ?» ይሉኛል። መልሱ ረጅም ስለሆነ ወደ ፋሲል ግንብ እየመራሁ እመልስላቸዋለሁ።

ከዚህ ይልቅ የሚቆረቁረኝ የአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ነገር ነው። በ1932 እ.ኤ.አ. በማርሴል ግሪዮል የተመራው የፈረንሳይ የጥናት ቡድን፣ የዳካር ጅቡቲ ተልእኮ፣ ጎንደር ሲደርስ የቤተ ክርስቲያኑን የግድግዳ ሥዕሎች አንሥቶ፣ በምትካቸው የቡድኑ ሠዓሊ የገለበጣቸውን ሥዕሎች ተክሎ፣ ዋናዎቹን ወደ ፓሪስ ወሰደ፤ ዛሬ በኬ ብራንሊ ሙዚየም ናቸው። ያን ጊዜ ቅጂው ለእኛ ቀረ፣ ዋናው ሄደ። አሁን የምንጠየቀው ተገላቢጦሹን ነው፤ ዋናው በዕቃ ቤቱ ይቆይና ቅጂው ይሂድ እየተባልን ነው። ይህን እንደ ኪሳራ ማየት ይከብደኛል። ከዚህም በላይ፣ በግልጽ የተመዘገበና ምስሉ የታወቀ መጽሐፍ ተሰርቆ በውጭ ገበያ ቢወጣ «ይህ የእኛ ነው» ብሎ ለማስመለስ ማስረጃ አለ። ምስል የሌለው መጽሐፍ ሲጠፋ ግን እንደነበረ እንኳ የሚመሰክርለት የለም።

ከቀሐ፣ የድጓ መምህር፦
ስለ ማስረጃው እውነትዎን ነው። ነገር ግን ማስረጃ ለማስቀመጥ ለዓለም መክፈት አያስፈልግም። ደግሞም የትኛው ደብር ምን ያህል ወንጌል፣ በምን ዓይነት የብር ልባስ እንዳለው በስምና በቦታ ተዘርዝሮ ሲወጣ ዝርዝሩን ባለአደራውም ያነበዋል፣ ሌባውም ያነበዋል።

ከአዘዞ፣ የሶፍትዌር ባለሙያ፦
ክፍትና ዝግ በሚለው ላይ ብቻ መከራከራችን አንድ ነገር አስረሳን፤ ፋይሉ የት ነው የሚቀመጠው? በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት እንደቆየ ሁላችንም እናስታውሳለን። በዚያው ወቅት፣ በጥቅምት 2016 ዓ.ም.፣ ብሪቲሽ ቤተ መጻሕፍት በሳይበር ጥቃት ተመትቶ ዲጂታል ያደረጋቸው የብራና መጻሕፍት ምስሎች ለረጅም ጊዜ ከበይነ መረብ ጠፉ። እንግዲህ በዚያ መጸው ከጎንደር የተወሰደን መጽሐፍ ጎንደር ሆኖ ለማየት የፈለገ ሰው በሁለቱም ጫፍ ተቆርጦበት ነበር፤ እዚህ መስመር የለም፣ እዚያ ቤቱ ወድቋል። ክፍት የነበረው ስብስብ ክፍትነቱ ምንም አልጠቀመንም።

የራሴንም ልጨምር። ከዓመታት በፊት አንድ ቡድን በአያቴ ደብር መጻሕፍት ካነሣ በኋላ ለአለቃው አንድ ዲቪዲ ሰጥቶ ሄደ። ባለፈው ፋሲካ ዲቪዲው ከጽንሐው አጠገብ በላስቲክ ተጠቅልሎ ተቀምጦ አየሁት፤ የሚያነበው ማሽን በደብሩ ውስጥ ኖሮ አያውቅም፣ እኔ ወስጄ ስሞክረውም ተጫጭሮ ግማሹ አልተከፈተም። ደብሩ «ቅጂ ተሰጥቶታል» ተብሎ በአንድ ሪፖርት ላይ ተጽፎ ይሆናል። ስለዚህ የእኔ አቋም እንዲህ ነው፤ ምስሉ ለዓለም ቢከፈትም ባይከፈትም፣ ያልተጨመቀው ዋና ፋይል ቢያንስ በሁለት ቦታ በጎንደር ይቀመጥ፣ ያለ ኢንተርኔት በአነስተኛ ሰርቨርና በዋይፋይ የሚነበብ ቅጂም በደብሩ ይኑር። ይህ እንደ ኪዊክስ ባሉ፣ ዊኪፒዲያን ያለ መስመር በሚያስነብቡ መሣሪያዎች የታወቀ ዘዴ ነው።

የፍለጋውም ነገር አለ። የኢትዮጵያ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. የዓለም ፊደላት ለኮምፒውተር በሚመዘገቡበት በዩኒኮድ ገብቷል፤ ሆኖም ብዙዎቹ የውጭ ካታሎጎች አርእስቱን የሚጽፉት በላቲን ፊደል ነጥብና ሰረዝ እየጨመሩ ነው። «ተአምረ ማርያም» ብሎ በፊደላችን የጻፈ ዲያቆን ባዶ ገጽ ይመጣለታል። በፊደል በተሠራውም ቢሆን «ሥላሴ» ብሎ የፈለገ «ስላሴ» ተብሎ የተመዘገበውን ላያገኝ ይችላል፤ ሞክሼዎቹን አንድ አድርጎ የሚፈልግ ሥርዓት ካልተሠራ በስተቀር። ለእኛ ያልተከፈተ በር ለዓለም ተከፈተ ቢባል ምን ያደርግልናል?

ከአራዳ፣ መጽሐፍ ሻጭ፦
ስለ ብራናው አልከራከርም። ነገር ግን በቴሌግራም «ቤተ መጻሕፍት» እየተባሉ በሕይወት ያሉ ደራስያንን መጻሕፍት በስልክ ፎቶ እያነሡ የሚለጥፉትን ከዚህ ጋር አታቀላቅሉ። አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲን መብት ደራሲው ካረፈ በኋላም ለ50 ዓመት ይጠብቃል። ደንበኛ መጽሐፉን እጄ ላይ አገላብጦ፣ ዋጋውን ጠይቆ፣ «ቴሌግራም ላይ አለ» ብሎ ሲመልስልኝ ምን እንደምል አላውቅም።

አወያይ፣ ከአራዳ፦
ጋሼ፣ ቅሬታዎ ተገቢ ነው፤ ራሱን የቻለ ርእስ ስለሆነ በሌላ ሳምንት እንመለስበታለን። አሁን ወደ ብራናው።

ከማራኪ፣ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ፦
የኔታ ያነሡት የስርቆት ስጋት አሳስቦኛል፤ በከፊልም አሳምኖኛል። መግለጫው ለሁሉም ሲከፈት ልባሱ፣ ሥዕሉና የዕቃ ቤቱ ቦታ ተለይቶ ሊያዝ ይችላል። ከዚህ ሌላ እርስዎ ያላነሡት፣ እኔ ግን ከሁሉ የምፈራው ነገር አለ፤ ኅዳጉ፣ የገጹ ዳር ባዶ ቦታ። በጎንደር ዘመን የጉልት ስጦታና የርስት ሽያጭ ከነምስክሮቹ በወንጌል ባዶ ገጾችና ኅዳጎች ላይ ይጻፍ ነበር። ለታሪክ ተመራማሪ ከጽሑፉ ይልቅ ወርቁ ይህ ነው። ዛሬ በመሬት ክስ ላይ ያለ ሰው ግን ያንኑ ገጽ በስልኩ አውጥቶ፣ ከነዐውዱ ሳያነበው፣ «የአያቴ ስም ይኸው» ሊል ይችላል። ይህ ገጽ ለተመዘገበ አንባቢ ብቻ ቢታይ አልቃወምም። የአስማት ክታቦቹንም እንዲሁ።

በትምህርቱ ጉዳይ ግን አልስማማም። መጽሐፉን በምስል ያየ ሁሉ መምህሩን አይተውም። ብዙ የቆሎ ተማሪ ጉባኤ ቤት የሚገባው ከመጽሐፉ በፊት ነው፤ ችግሩ በመምህሩ እጅ ያለው አንድ ቅጂ ለ20 ተማሪ አለመዳረሱ ነው።

ከቀሐ፣ የድጓ መምህር፦
ስለ ቅጂው እጥረት የተናገሩት እውነት ነው፤ እኔም አንዱን መጽሐፍ ተራ እያስጠበቅሁ አስተምራለሁ። እንግዲህ አንድ ነገር ልጠይቅ። በእኛ ደብር የዕቃ ቤቱ በር ሦስት ቁልፍ አለው፤ አንዱ በገበዙ፣ አንዱ በአለቃው፣ አንዱ በሕዝቡ ተወካይ እጅ ነው። ሦስቱ ካልተገናኙ በሩ አይከፈትም። የእናንተ ሰርቨር እንዲህ ሊቆለፍ ይችላል?

ከአዘዞ፣ የሶፍትዌር ባለሙያ፦
ይችላል፣ የኔታ። ምስጢራዊውን ቁልፍ ለሦስት ከፍሎ፣ ሦስቱም ካልተገጣጠሙ የማይከፈት ማድረግ የታወቀ አሠራር ነው። ከሦስቱ ሁለቱ በቂ እንዲሆኑ ማድረግም ይቻላል፤ ያ የሚሻለው አንድ ሰው ቢሞት ወይም ቁልፉን ቢያጠፋ ፋይሉ ለዘላለም እንዳይዘጋ ነው።

ከቀሐ፣ የድጓ መምህር፦
ሁለቱ በቂ አይደሉም። ገበዝና አለቃ በተስማሙ ቁጥር የወጡ መጻሕፍት አሉ፤ ሦስተኛው ቁልፍ የተጨመረውም ስለዚህ ነው። የሰው ሞት ያስቸግራል ካላችሁ፣ ሦስተኛው ሲያርፍ ሕዝቡ በሰባት ቀን ውስጥ ሌላ ይመርጣል፤ ማሽናችሁ ሰባት ቀን መታገሥ ከቻለ ጉባኤው ፊት ቀርቤ እናገርላችኋለሁ።