የገና ዱላና ሩር ለልጆቼ እንዴት ልሥራላቸው?

የቱሉ ዲምቷ እናት፦
እንዴት ናችሁ? ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ 4ኛ ፎቅ ነው የምንኖረው። ለገና 11 ቀን ቀረው፣ እኔ ግን ምንም አልያዝኩም። ከሥራ ወጥቼ የታክሲ ሰልፍ ጠብቄ ቤት ስደርስ ምሽት 2 ሰዓት ያልፋል። ቅቤው አልተነጠረም፣ ሽንኩርቱ አልተገዛም፣ የቅርጫውንም ብር አልሰጠሁም። ባለቤቴ ክፍለ ሀገር ነው የሚሠራው፤ በዋዜማው ነው የሚደርስልኝ።

እንቅልፍ የነሳኝ ግን ሌላ ነው። ባለፈው እሁድ የ9 ዓመቱ ልጄ "እማዬ፣ ገና ማለት ዶሮ የሚበላበት ቀን ነው አይደል?" አለኝ። ክው አልኩ።

እኔ ያደግሁት ሰንዳፋ አካባቢ ነው። ታኅሣሥ ላይ አዝመራው ተሰብስቦ ሜዳው ሲለቀቅ፣ አባቴ ጫፉ የቆለመመ ወይራ ፈልጎ ለወንድሞቼ የገና ጨዋታ ዱላ ይቆርጥላቸዋል። ልጣጩን በቢላ ገፎ እሳት ላይ ሲያገላብጠው የሚሸተው ሽታ አሁንም ከአፍንጫዬ አልጠፋም። እኛ ሴቶቹ ዳር ቆመን ነበር የምናየው። አንድ ዓመት ታላቄ ታመመና በሱ ፈንታ ገባሁ። ቁርጭምጭሚቴን ተመትቼ እያነከስኩ ቤት ስገባ እናቴ ጮኸች፤ አባቴ ግን "በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ" ብሎ እግሬን በሞቀ ውሃ አጠበልኝ።

እዚህ ወይራ ከየት ይመጣል? ሜዳችንም የመኪና ማቆሚያ ነው። ዱላውንና ሩሩን፣ ኳሱን ማለቴ ነው፣ ከምን ልሥራ? ሥራውንስ እንዴት ላቃልለው?

የሱሉልታው አባት፦
ልጄ፣ ወይራ ባይኖር ባሕር ዛፍ አለ። አጣና ከሚሸጡት ዘንድ ሄደሽ አውራ ጣት የሚያህል እርጥብ እንጨት ጠይቂ። ጫፉን ትኩስ አመድ ውስጥ ቅበሪው፤ ሲለሰልስ ቀስ እያልሽ አጉብጠሽ በገመድ እሰሪው። ከ3 እስከ 4 ቀን ጥላ ውስጥ ይቆይ፤ ፀሐይ ካገኘው ይሰነጠቃል።

ሩሩ ድሮ የእንጨት ነበር። ለናንተ ሰፈር ግን አሮጌ ካልሲ በጨርቅ ሙይና በሲባጎ ጥብቅ አድርገሽ ጠምጥሚበት፤ መስተዋት አይሰብርም። ሁለት ቡድን ይሁኑ፣ ሩሩን መሐል አስቀምጡ፣ ወደ ሌላው ወገን ዳር ያሳለፈ አገባ ማለት ነው። ዱላ ከጉልበት በላይ እንዳይነሳ አደራ! ልጁንም፣ እረኞች የጌታን መወለድ ሲሰሙ በያዙት ዱላ ተጫውተው ደስ አላቸው ይባላል በይው። ሴት ልጅም ካለችሽ ትግባ።

የለገጣፎዋ፦
እህቴ፣ ዶሮውን ለዋዜማ ተይው፤ ቁሌቱን ግን ከ3 ቀን በፊት ጨርሺው። እኔ ለአንድ ዶሮ 3 ኪሎ ሽንኩርት ነው የምከትፈው። በዘይትና በበርበሬ አብስለሽ፣ ቀዝቅዞ ፍሪጅ ይግባ። በዋዜማው 12ቱን ብልት በሎሚና በጨው አጥበሽ መጨመር፣ ቅቤና መከለሻ ማድረግ ብቻ ነው የሚቀርሽ።

ነጭ ሽንኩርቱን ልጆቹ ይላጡልሽ፣ አንቺ እንቆቅልሽ ጠይቂያቸው። የኔዎቹ ሲያቅታቸው "ሀገር ስጡኝ" ስላቸው ለገጣፎን አይሰጡኝም፣ ይሳሱላታል።

ጎረቤት፦
እኔም ቱሉ ዲምቱ ነኝ። ከኮሙናሉ (ከጋራ መገልገያው ቤት) ጀርባ መኪና የማይቆምበት ባዶ ቦታ አለ። ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት ሁለቱን ልጆቼን ይዤ እወርዳለሁ።

የቱሉ ዲምቷ እናት፦
ሁላችሁም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አባታችን፣ እንጨቱን ከሰል ማንደጃ ላይ ነው ያሞቅሁት። አንዱ ተሰበረ፣ ሦስቱ እሺ ብለው ጎበጡ። ቅዳሜ 7 ልጆች ወጡ፤ የ6 ዓመቷ ልጄ አንድ አገባች። ማታ ነጭ ሽንኩርት እየላጡ "ሲሄድ ቢውል፣ ሲሄድ ቢያድር የማይደክመው?" አልኳቸው። ወንዱ "ታክሲ" አለ። እሷ ዝም ብላ ቆየችና "ወንዝ" አለች፤ ጣቶቿ ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት እየሸተቱ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ቁሌቱን ማክሰኞ እጀምራለሁ።