ደሴ ላይ የታሪክና የሳይንስ መጽሐፍ ከየት ልግዛ? ጥቆማ

የቧንቧ ውሃ ልጅ፦ ሰላም ወሎዬዎች። እኔና የ10ኛ ክፍል ወንድሜ ልብ ወለድ ጠግበናል። የወሎን ታሪክ፣ የሰውን ዘር አመጣጥ፣ የሌላ አገር ሕዝቦችን ባህል ማንበብ እንፈልጋለን። ከፒያሳ ሱቆች፣ ከአዟሪና ከቴሌግራም ሻጮች የቱ ይሻላል?

ፒያሳ ያደግሁ፦ ፒያሳ ሽቅብ ስትወጪ በግራ ያለችው ጠባብ ሱቅ። ሌላ ቦታ እንዳትደክሚ። ሳትገዢ ቆመሽ ብታነቢ እንኳ ሰውየው አይቆጣም።

ሐይቅ ዳር፦ እህቴ፣ ከቴሌግራም እንዳትገዢ! ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ያስመጣሁት የታሪክ መጽሐፍ ከገጽ 96 ዘሎ 129 ይላል። ልክ አድዋ ሊደርስ ሲል! ሻጩ «ፎቶ ላክ» አለኝ። ላክሁ። ብሎክ አደረገኝ።

የኮምቦልቻ ልጅ፦ እኔንም ጉድ ሠርተውኛል። የኔው ፎቶኮፒ ነው። ካርታዎቹ በሙሉ ጠቁረዋል።

ሐረጎ ማዶ፦ ሐይቅ ዳር፣ የጎደለህ ልክ 32 ገጽ ነው። መጽሐፍ በሰፋፊ ወረቀት ይታተምና ይታጠፋል፤ አንዱ እጥፋት 16 ወይም 32 ገጽ ይወጣዋል። ሲጠረዝ አንዱ ከተዘለለ እንዲህ ይሆናል። ከመክፈላችሁ በፊት የገጹን ቁጥር እያያችሁ ግለጡ።

ፒያሳ ያደግሁ፦ እኔ ያልኩት ሱቅ እንዲህ ዓይነት ነገር የለም።

ሐይቅ ዳር፦ የሳይንስ መጽሐፍ ብዬ ስጠይቀው የ12ኛ ክፍል ባዮሎጂ ነው ያወጣልኝ።

ፒያሳ ያደግሁ፦ ባዮሎጂ ሳይንስ አይደለም እንዴ?

ተማሪ ነኝ፦ የ12ኛ አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት በስንት ይሸጣል?

ጦሳ ሥር፦ ጎበዝ! ልጅቱ ጥረዛ ልትማር ነው እንዴ የመጣችው?

መምህርት፦ እኔ ልመልስልሽ እህቴ። ለወሎ ታሪክ የሁሴን አህመድን ፈልጊ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ስለነበረው የወሎ እስልምና በእንግሊዝኛ የጻፈው ነው፤ በ2001 እ.ኤ.አ. ታተመ። አፄ ዮሐንስ በ1870 ዓ.ም. ስለ ሃይማኖት የጠሩትን የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በወሎ ሙስሊም ዓይን ለማየት እሱን የሚያህል አላገኘሁም። ውድ ነው። ዩኒቨርሲቲ የሚማር ዘመድ ካለሽ ቤተ መጻሕፍቱን ይጠይቅልሽ።

ስለ ሰው ዘር ስትገዢ ማውጫው ላይ አርዲን ፈልጊ። 4.4 ሚሊዮን ዓመት ያላት ቅሪተ አካል ናት፤ ጥናቷ ይፋ የሆነው በ2002 ዓ.ም. ነው። ከሌለች መጽሐፉ ቆይቷል ማለት ነው። ለወንድምሽም ንገሪው፦ ሉሲ በ1967 ሐዳር ላይ ስትገኝ ቦታው በወሎ ሥር ነበር። ልጆቼ ይህን ሲሰሙ ዓይናቸው ይበራል።

የኮምቦልቻ ልጅ፦ ባህል ከሆነ ሰኞ ገበያ ውጪ፤ ሁሉም እዚያ አለ።

የቧንቧ ውሃ ልጅ፦ መምህርት፣ እግዜር ይስጥልኝ። የሚያከራይስ አለ?

ፒያሳ ያደግሁ፦ ያልኩሽ ሱቅ መታወቂያ ይዞ ያከራያል።

ሐይቅ ዳር፦ እባካችሁ ያ መጽሐፍ ያላችሁ፣ ከ97 እስከ 128 ፎቶ አንስታችሁ ላኩልኝ።

ሐረጎ ማዶ፦ ርዕሱን ንገረና!