ክርክር፦ ዋናው መንገድ ከተማ ሲያቋርጥ ጉብታ ይሠራበት?

አወያይ፦ ከደጀን ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው አስፋልት ሉማሜን፣ ደንበጫን፣ ቡሬን መሃል ለመሃል አቋርጦ ያልፋል። በገበያ ቀን ሰውም አህያም እዚያው ላይ ነው። ነዋሪው የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ይሠራልን ይላል። ሾፌሮች አይዋጥላቸውም። እናንተስ?

የሲኖ ሾፌር፦ እኔ አይሆንም ባይ ነኝ። ሌሊት ጭነህ ስትመጣ ቀለም ያልተቀባ ጉብታ ድንገት ይደቀንብሃል። ባሌስትራ ይሰበራል፣ ጭነት ይሸሻል፣ ከኋላ ያለው ይገባብሃል። ደግሞ ብዙውን መሐንዲስ አልሠራውም። ሰው በተገጨ ማግሥት ሰፈርተኛው ድንጋይና አፈር ደልድሎ ይጠብቅሃል። ቅጣቱን አጠንክሩ፣ በቃ።

መምህሩ፦ አያ ሾፌር፣ ቅጣት የሚሠራው ትራፊኩ ሲኖር ነው። ጉብታ ምሳ አይወጣም፣ ጉቦም አይበላም። ጋና ውስጥ፣ በአክራና ኩማሲ መንገድ ላይ፣ ሱሁም መገንጠያ አካባቢ ጎማ ሲረግጣቸው የሚያንገጫግጩ መስመሮች ተሠሩ። አደጋው በ35 በመቶ ገደማ ቀነሰ። ሟቹ ደግሞ በ55 በመቶ ገደማ። የዓለም ጤና ድርጅትም አማካይ ፍጥነት 1 በመቶ ሲጨምር ሰው የሚሞትበት አደጋ 4 በመቶ ያህል ይጨምራል ይላል።

የሲኖ ሾፌር፦ ጋናዎች የሠሩት መስመር ነው፤ አንተ የምትለኝ ጉብታ ነው!

መምህሩ፦ ሁለቱም በየቦታቸው። መስመሩ ከተማ ሳትገባ ያነቃሃል፤ ጉብታው ትምህርት ቤት በር ላይ ያበርድሃል። ፍጥነትህ እጥፍ ሲሆን ፍሬን ይዘህ ለመቆም የምትሄደው ርቀት አራት እጥፍ ነው። ሕፃኑ ይህን አያውቅም።

የጤና ጣቢያ ሠራተኛ፦ ምጥ የያዛት እናት ጭነን በየመቶ ሜትሩ መዝለልም አለ። በልክ ይሁን።

ነጋዴዋ፦ ሚኒባስ ውስጥ ያለነውስ? ሾፌሩ ሲበር ዝም ነው። እንዲያውም «ንዳው!» የሚል አይጠፋም። ኬንያ ውስጥ ማታቱ የሚሏቸው ሚኒባሶች ላይ «ዝም አትበሉ፣ ሾፌሩን ተናገሩት» የሚል ተለጣፊ ለጥፈው አጥንተዋል። በፈረንጆቹ 2015 የወጣው ውጤት፣ የለጠፉት መኪኖች የመድን ካሳ ጥያቄ ከሩብ እስከ ሲሶ ቀነሰ ይላል። ይኼ ስንት ብር ይፈጃል?

የቀድሞ ረዳት፦ እታለም፣ ሾፌሩ ወዶ መሰለሽ የሚበረው? ማታ ለባለቤቱ የሚያስገባው ገቢ ተቆርጦለታል። ከዚያ በላይ ያገኘው ነው የእሱ። ትርፍ መጫኑም፣ መሽቀዳደሙም ከዚያ ይመጣል። ደሞዝ ይቆረጥለትና እዩት። እኔን ከጠየቃችሁኝ ክርክሩ መጀመር ያለበት እዚህ ጋ ነበር፤ ግን ባለቤቱን ደፍሮ የሚናገር የለም።

ነጋዴዋ፦ እስከዚያው እኛ እንሙት?

የሲኖ ሾፌር፦ እሺ፣ ጉብታው ይሠራ። ቀድሞ ምልክት ይተከል፣ በሌሊት የሚያበራ ቀለም ይቀባ። ቀለሙ ሲለቅስ ማን ያድሳል?

መምህሩ፦ አስፋልቱ የመንገዶች አስተዳደር ነው፤ ጥያቄው ግን ከማዘጋጃ ቤት ይነሣ።

የሲኖ ሾፌር፦ እንግዲህ ሲቀባ ንገሩኝ። እስከዚያ ተቃዋሚ ነኝ።